ይዞ መልቀቅ፦ የፍላይ ፊሺንግ ክለብ የወዳጅነት ውድድር ከሀ እስከ ፐ

«ልትለቀው ከሆነ ምን አደከመህ?» ዓሣ ይዞ የሚለቅ ሐበሻ ይህን ጥያቄ ከእናቱ፣ ከአክስቱ ወይም ከጎረቤቱ ሳይሰማ አይቀርም። ሙሉ ቀን ወንዝ ውስጥ ቆሞ ባዶ እጁን ለሚመለስ ሰው መልሱ ቀላል አይደለም። አጭሩ መልስ ሕጉ ነው፤ ትራውት የሚባለው ቀዝቃዛ ውኃ ወዳድ ዓሣ ባለባቸው ብዙ ጥሩ ወንዞች ላይ የያዙትን ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ሌላው መልስ ደግሞ ዛሬ የለቀቅነውን ዓሣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ይይዘዋል የሚል ነው። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

ይህ መመሪያ ከ8 እስከ 20 ሰው ለሚሆን የፍላይ ፊሺንግ ክለብ ነው፤ የአንድ ቀን የወዳጅነት ውድድር ለማዘጋጀት። ፍላይ ፊሺንግ ማለት መንጠቆ ላይ በታሰረ፣ ነፍሳት በሚመስል ሰው ሠራሽ «ዝንብ» ማጥመድ ነው። ምሳሌዬ ማሪላንድ ውስጥ ያለው ገንፓውደር ወንዝ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ ቢነዱ ይደረስበታል። ከቨርጂኒያም፣ ከባልቲሞርም ሰው ለመሰብሰብ ይመቻል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ወንዙን ቀይሩት፤ አሠራሩ ያው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሰው ነጥብ የሚያስገኝለትን ነገር ነው የሚያደርገው። ለትልቁ ዓሣ ፎቶ ሽልማት ካወጣችሁ ዓሣው ለፎቶ ሲባል አየር ላይ ይንጠለጠላል። በሚሊሜትር ነጥብ ከሰጣችሁ እያንዳንዱ ዓሣ ሜትር ላይ ተጋድሞ ክርክር ይነሳበታል። የደንቡን ዋጋ የሚከፍለው ዓሣው ነው። ስለዚህ ደንባችሁን ስትጽፉ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህ ዓሣውን ከውኃ ያወጣዋል ወይ?» እያላችሁ ጠይቁ።

ወንዙን ማወቅ

ገንፓውደር ከፕሪቲቦይ ግድብ ሥር ይወጣል። ግድቡ የባልቲሞር ከተማ ንብረት ነው፤ ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው ውኃ በበጋ ሙቀት ጊዜ እንኳ ቀዝቃዛ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቀዝቃዛው ውኃ ዓመቱን ሙሉ እንዲለቀቅ ከከተማው ጋር ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ብራውን ትራውት እዚያው እየተራባ መኖር ጀመረ። ይህን ከግድቡ ሥር ያለውን ክፍል ማንም ከዓሣ ማርቢያ እያመጣ አይሞላውም። በነገራችን ላይ ብራውን ትራውትም እንደኛው ስደተኛ ነው፤ እንቁላሉ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የመጣው በ1883 ነው። የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውትም ከኬንያ የመጣ ነው።

ከግድቡ እስከ ብሉማውንት መንገድ ድረስ ያለው 7 ማይል ገደማ ይዞ የመልቀቂያ ክልል ነው። በሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው የሚጠመደው፤ ትልና ሊጥ አይፈቀድም። ፎልስ ሮድ፣ ማስሞር እና ዮርክ ሮድ ድልድዮች አጠገብ፣ ባንከር ሂል ጋም መኪና ማቆሚያ አለ። ለውድድር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወንዙ በድልድይ በድልድይ ተከፋፍሎ ይጠብቃችኋል።

ቀን መምረጥ

ምርጡ ጊዜ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ ነው፤ በፈረንጅ ሜይ መጨረሻና ጁን ማለቴ ነው። ያኔ ሰልፈር የምትባለው ቢጫ ትንኝ ትወጣለች፤ ትራውቱም ላይ ላዩን ይበላል። ጀማሪ እንኳ ዓሣው የት እንዳለ በዓይኑ ያያል። ሴፕቴምበርም ጥሩ ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ግን ተዉት። ብራውን ትራውት በጠጠሩ መሀል እንቁላል የሚጥልበት ወቅት ነው። 12 ሰው በዚያ ላይ ሲረማመድ የሚደርሰውን ጉዳት ይዞ መልቀቅ አይክሰውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሙቀት ወቅት አትምረጡ። ወደ ታች ወደ መንክተን አካባቢ በጎማ የሚንሳፈፈው ሕዝብ ወንዙን ይሞላዋል። እሑድ ደግሞ ግማሹ አባል ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ በማለዳ ጀምሮ በምሳ ሰዓት መጨረስ ለሁሉም ይመቻል።

ከፓርኩ ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንዙ ያለው በስቴት ፓርክ ውስጥ ነው፤ ተሰባስቦ ዝግጅት ማድረግ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ስንት ሰው፣ ስንት መኪና፣ የትኛው ቦታ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ብላችሁ በኢሜይል ጻፉላቸው። መልሱን አትማችሁ በዕለቱ ያዙ።

ፈቃድና ጫማ

ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የማሪላንድ ነን-ታይዳል የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በላዩ ላይ የትራውት ስታምፕ። ዓሣውን ስለምለቀው ስታምፕ አያስፈልገኝም የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ያስፈልገዋል። የቨርጂኒያ ፈቃድ እዚህ አይሠራም፤ የዲሲ ነዋሪም እንደ ውጭ ሰው ነው የሚከፍለው። ኦንላይን በደቂቃዎች ይገዛል። ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት እያንዳንዱ ሰው የፈቃዱን ፎቶ ለአዘጋጁ ይላክ። ያልላከ ሰው ቡና ያፈላል፣ ነጥብ ይመዘግባል፤ ዘንግ ግን አይዝም። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የጫማው ነገር ብዙ ሰው ያስገርማል። ሶሉ ፌልት የሆነ፣ ማለትም እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ዓይነት ጨርቅ የተለጠፈበት የወንዝ ጫማ በማሪላንድ ከ2011 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ምክንያቱ ዲዲሞ የሚባል አልጌ ነው። በ2008 ገንፓውደር ውስጥ ተገኘ፤ ድንጋዩን እንደ ቆሻሻ ሱፍ ይሸፍነዋል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ከወንዝ ወደ ወንዝ ይጓዛል። የጎማ ሶል ይሁን። ከወጣችሁ በኋላም ጫማችሁንና ዋደራችሁን (ወንዝ ውስጥ የሚለበሰውን ውኃ የማያስገባ ሱሪ) በጨው ውኃ እጠቡ፤ ለአንድ ሊትር 50 ግራም ገደማ ጨው ይበቃል። አንድ ባልዲ፣ አንድ ብሩሽና አንድ ከረጢት ጨው በክለቡ ወጪ ይገዛ።

የመንጠቆው እሾህ

ከመንጠቆው ጫፍ ኋላ ወደ ውስጥ የዞረች ትንሽ እሾህ አለች፤ ባርብ ትባላለች። ዓሣው እንዳያመልጥ የምታደርገው እሷ ናት። መንጠቆው ሲነቀል ሥጋውን የምትቦጭቀውም እሷው ናት። ለዚህ ውድድር ሁሉም መንጠቆ ባርብ አልባ መሆን አለበት።

አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ቀጭን አፍ ያለው ፒንሳ ያዙ። እሾኋን ከጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች፣ በመንጠቆው ርዝመት አቅጣጫ ጨፍልቁ። በጎን ከጨመቃችሁት ጫፉ ይሰበራል። ከዚያ መንጠቆውን ጥጥ ጨርቅ ላይ ውጉና ሳቡት። ሳይጎትት ሾልኮ ከወጣ ሆኗል። ክር መዞ ከወጣ እሾኋ አልሞተችም፤ ድገሙት። በዕለቱ ጠዋት እያንዳንዱ ሰው የተጣማሪውን ዝንቦች በዚህ ዘዴ ይፈትሽ። «ብዙ ዓሣ ያመልጠኛል» የሚል ይኖራል። ክሩን ወጥሮ የያዘ ሰው ብዙም አያመልጠውም፤ ያመለጠውም ቢሆን እንዴት ነጥብ እንደሚያገኝ ከታች አለ።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። 9 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 5 ቁጥር ዘንግ ይበቃል። ዝንቦቹ ከ14 እስከ 18 ቁጥር ይሁኑ፤ ለሰልፈር 16 ቁጥር፣ ከውኃው ሥር ለማጥመድ ደግሞ ፌዛንት ቴል የምትባለው ዝንብ። ቲፔቱን፣ ማለትም ዝንቧ የምትታሰርበትን የክር ጫፍ፣ ግን አታቅጥኑት። ዓሣ ይደነግጣል ብሎ ፀጉር በሚያክል ክር የሚያጠምድ ሰው ዓሣውን ቶሎ ማምጣት ስለማይችል አድክሞ ይገድለዋል። 5ኤክስ የሚባለው ውፍረት ይበቃል። ዓሣው በጣም ከመረጠ 6ኤክስ፤ ከዚያ የቀጠነ አይፈቀድ። መረቡ የጎማ ይሁን። ቋጠሮ ያለው የናይለን መረብ የዓሣውን ሙልጭልጭ ፈሳሽ ይልጣል፣ ክንፉንም ይሰነጥቃል። ያ ፈሳሽ ከበሽታ የሚከላከልለት ልብሱ ነው።

ጥንድና ቦታ

የዓለም የፍላይ ፊሺንግ ሻምፒዮና ከ1981 ጀምሮ ይካሄዳል። እዚያ እያንዳንዱ አጥማጅ አጠገብ ዓሣውን የሚለካ ተቆጣጣሪ ይቆማል። እኛ ጋ ያን ያህል ሰው የለም። መፍትሔው ጥንድ ነው። አንዱ ሲያጠምድ ሌላው ይቆጣጠራል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ልምድ ያለውን ከጀማሪ ጋር አጣምሩ። ዕጣ ብቻ ከጣላችሁ ሁለት ጀማሪ አንድ ላይ ይወድቁና ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ዝንብ ሲፈቱ ይውላሉ። ባልና ሚስትን አንድ ላይ ማጣመር አለማጣመር የአዘጋጁ ጥበብ ነው፤ እኔ አልገባበትም።

ለ12 ሰው ስድስት ጥንድ፣ ስድስት ቦታ። ሦስቱ ከማስሞር በላይ፣ ሦስቱ ከማስሞር በታች ይሁኑ። እያንዳንዱ ጥንድ በመጀመሪያው ዙር አንዱን፣ በሁለተኛው ዙር ሌላውን ክፍል ያግኝ። ላይኛው ሸለቆ ነው፤ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ለመቆምም ያስቸግራል። ታችኛው ይሰፋል። እንዲህ ካልተቀያየሩ «ጥሩውን ቦታ ሰጥታችኋቸው ነው» የሚለው ወሬ እስከ ገና ይዘልቃል።

ወንዙ የሕዝብ መሆኑን እንዳትረሱ። ዕጣ የደረሳችሁ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ቆሞ ከነበረ ቦታው የእሱ ነው። ሰላም ብላችሁ አልፋችሁ ሂዱ። ለዚህ ሲባል ሁለት መጠባበቂያ ቦታ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ።

ነጥብ አሰጣጥ

ሜትር አያስፈልግም። ከጎማው መረብ ጠርዝ ላይ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ውኃ የማይበላው ባለቀለም ፕላስተር ለጥፉ። ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ መረቡም ውኃ ውስጥ እንዳለ ተቆጣጣሪው ዓሣውን ከምልክቱ ጋር ያያል፦

- ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች 1 ነጥብ
- ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር 2 ነጥብ
- ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ 3 ነጥብ
- መረብ ሳይገባ ራሱን ያስለቀቀ፣ ግን ሊደሩ (ከዋናው መስመር ጫፍ የሚቀጠለው ስስ ክር) የዘንጉን ጫፍ ሲያልፍ ተቆጣጣሪው ያየው ዓሣ 1 ነጥብ

ምልክቱ ላይ ያረፈ ዓሣ የታችኛውን ነጥብ ያገኛል፤ ክርክር የለም። አንድ ሰው በአንድ ዙር ከ8 ዓሣ በላይ አይቆጠርለትም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ጎበዙን ያናድደዋል። ነገር ግን ስምንት ከሞላለት በኋላ ተቀምጦ ተጣማሪውን ያስተምራል፤ የምንፈልገውም ይሄንኑ ነው።

አንድ ምሳሌ። አንደኛው በመጀመሪያው ዙር አምስት ትንንሽ እና ሁለት መካከለኛ ያዘ፤ 5 ሲደመር 4፣ 9 ነጥብ። ተጣማሪው አንድ ትልቅ እና ሁለት መካከለኛ ያዘ፤ 3 ሲደመር 4፣ 7 ነጥብ። ጥንዱ 16 አገኘ። የሚያሸንፈው ጥንድ ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። እኩል ከወጡ ሽልማቱን ይካፈሉ፤ በትልቁ ዓሣ ለመለየት አትሞክሩ።

ቅጣትም አለ። ዓሣው ከውኃ ውጭ ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ ዜሮ። መሬት ወይም ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ዜሮ፣ ደግሞም አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ባርብ ያለው መንጠቆ የተገኘበት ሰው የዚያን ዙር ነጥብ በሙሉ ያጣል። ፎቶ ነጥብ አያስገኝም። ፎቶ የፈለገ ዓሣው መረብ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ያንሳ።

5 ሰከንድ በዝቷል ወይም አንሷል የሚል ካለ ይህን ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የካናዳ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎቹ ሬይንቦ ትራውቶችን እስኪዝሉ አሳደዱ። አየር ሳይነካቸው ከቀሩት 12 በመቶ ሞቱ። 30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ። አንድ ደቂቃ ከቆዩት 72 በመቶ። የላቦራቶሪ ዓሣ ነው፤ ወንዝ ላይ ቁጥሩ እንዲህ አይከፋም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ታግሎ የደከመን ዓሣ አየር ላይ ማንሳት 10 ሺህ ሜትር ሮጦ የጨረሰን ሰው አፉን እንደ ማፈን ነው።

ከመያዝ እስከ መልቀቅ

ይህን ክፍል ከውድድሩ በፊት አንድ ምሽት ተሰብሰቡና ተለማመዱት። መረብ፣ ፒንሳና ውኃ የሞላ ገንዳ ይበቃል። በዓሣው ፋንታ እርጥብ ካልሲ ይሆናል፤ ሳቁም አይጠላም።

ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰማይ አትስቀሉ። ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጎን ሳቡት። ዓሣው ወደ ግራ ሲሄድ እናንተ ወደ ቀኝ፤ ሚዛኑን ያጣል፣ ቶሎም ይመጣል። ተቆጣጣሪው ከታች በኩል፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ይቁም። ከዓሣው በላይ ከቆመ ጭቃውን ይቀሰቅስበታል።

መረቡን ቀድማችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩ። ዓሣውን በመረብ አታሳድዱት። ጭንቅላቱ ከውኃው ብቅ ሲል ወደ መረቡ ምሩት። ጭንቅላቱ ከገባ ጅራቱ ይከተላል። አሁን መረቡን ከፍ አድርጉ፤ ጠርዙ ብቻ ከውኃ በላይ ይሁን፣ ዓሣው ውኃው ውስጥ እንዳለ። ክሩን አላሉ። ተቆጣጣሪው ጎንበስ ይላል፣ ምልክቱን ያያል፣ «ሁለት» ይላል። አለቀ፤ ተለካ።

እጃችሁን አርጥቡ። ደረቅ እጅ ያን ሙልጭልጭ ፈሳሽ ይልጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዓሣውን መንካት እንኳ አያስፈልግም። የዝንቧን አንገት በፒንሳው ቆንጥጡና በገባችበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ግፉት። ባርብ ስለሌላት ትወጣለች። መያዝ የግድ ከሆነ አንድ እጅ ከሆዱ ሥር፣ አንድ እጅ ከጅራቱ ላይ ይሁን። አትጭመቁ። ጉንጩን በፍጹም አትክፈቱ፤ ቀዩ መተንፈሻው ነው። ከዚያ የመረቡን ጠርዝ ዝቅ አድርጉት። በጎኑ ላይ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦች አንዴ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ።

ሳይሄድ ቢቀርስ? ፊቱን ወደ ሚመጣው ውኃ አዙራችሁ፣ ዝግ ባለ ቦታ ያዙት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አታመላልሱት፤ ውኃ በጉንጩ በተቃራኒው ይገባል። ራሱ ጅራቱን ሲመታ ልቀቁት። ዝንቧን ጠልቃ ከዋጣት አትቆፍሩ። ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ተዉት፤ ነጥቡ አይቀነስባችሁም። ይህ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሰው ለአንዲት ዝንብ ብሎ ይቆፍራል።

አንድ ቴርሞ ሜትር በክር ታስሮ ወንዙ ውስጥ ይቀመጥ። ውኃው 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ ውድድሩ ይቆማል። ግድቡ አጠገብ ይህ አይገጥማችሁም፤ ወደ ታች ግን በሐምሌ ሙቀት ሊደርስ ይችላል።

የዕለቱ ውሎ

ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ካላችሁ ግማሹ ጠዋት ይመጣል፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ። «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በአሜሪካ 8 ኤኤም» ብላችሁ ጻፉት። የሐበሻ ቀጠሮን ለማሰብ ሲባል ደግሞ ውድድሩ 3 ሰዓት ላይ ይጀምር። መሀሉ ላይ ለዝንብ ምርመራ፣ ለዕጣና ለቡና አንድ ሰዓት አላችሁ።

ከ3 እስከ 4፡30 የመጀመሪያው ዙር፤ እያንዳንዱ ሰው 45 ደቂቃ ያጠምዳል፣ 45 ደቂቃ ይቆጣጠራል። ከዚያ ቦታ ለመቀየር 45 ደቂቃ። ከ5፡15 እስከ 6፡45 ሁለተኛው ዙር። ስልክ ሸለቆው ውስጥ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ የእጅ ሰዓት ይኑራችሁ። የዘገየ ጥንድ በየ5 ደቂቃው አንድ ነጥብ ያጣል።

በዋዜማው ማታ የዩኤስጂኤስን (የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትን) የወንዝ መለኪያ ድረ ገጽ እዩ፤ ፓርክተን አጠገብ መለኪያ አለ። ጠዋትም ድገሙት። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ መጠን ይቀያየራል። ትናንት እስከ ጉልበት የነበረው ዛሬ እስከ ወገብ ሊሆን ይችላል። ዋደር የለበሰ ሁሉ ቀበቶውን ያጥብቅ፤ ወድቆ ውኃ እንዳይገባበት። ብቻውን ወንዝ የሚገባ ሰው አይኑር፤ ጥንዱ ለዚህም ይጠቅማል።

ለሽልማት ገንዘብ አታድርጉ። ገንዘብ ሲገባ ወዳጅነቱ ይወጣል፣ የነጥብ ወረቀቱም በጥርጣሬ መታየት ይጀምራል። አባላት በእጃቸው ያሰሯቸው ዝንቦች የሞሉበት ሳጥን ይበቃል። «ብዙ ዛፍ ያጠመደ» የሚል የቀልድ ሽልማትም አይጠፋ። ምሳውን ከቤት አምጡ። እሳት ማንደድና ከሰል የት እንደሚፈቀድ ፓርኩን ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ፤ ቡናው በጋዝ ምድጃም ይፈላል።

ነጥቡ ተነግሮ ሁሉም ወደ መኪናው ከመበተኑ በፊት ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የጨው ባልዲው። ሁለተኛው መዥገር። የማሪላንድ ሣርና ቁጥቋጦ የላይም በሽታ የምታስተላልፈው ትንሽ መዥገር አለበት፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታክልበት ጊዜ አለ። ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ ከጆሮ ኋላና ፀጉር ውስጥ ፈትሹ። ቤት ስትደርሱ ገላችሁን ታጠቡና እንደገና እዩ። ከተጣበቀች ቀጭን ጫፍ ባለው ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቧት፤ ቅባትም ክብሪትም አትጠቀሙ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም የሚሰፋ ቀይ ክብ ቆዳ ላይ ከታየ ሐኪም ጋ ሂዱና መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩት።